ዘፈኑ የእናንተ፣ ቆጠራው የማን?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የጋራ አዳራሽ ውስጥ፣ ለወጣት ሙዚቀኞችና ቤታቸው ውስጥ ስቱዲዮ ለከፈቱ ልጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። «ዓ.ም.» ከተባለበትና ከአዋጁ ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። ከኮዬ ፈጬም፣ ከገላንም፣ ከአቃቂም የመጣችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። በዚህ የታክሲ ሰልፍ እዚህ መድረስ ቀላል አይደለም፤ አመሰግናለሁ። ማይኩ ከተበላሸ በጉሮሮዬ እቀጥላለሁ።

ማስታወቂያው ላይ «አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። እደርስበታለሁ። ከእሱ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለኝ። ዘፈናችሁ ስንት ጊዜ እንደተሰማ የሚያውቀው ማን ነው? ቆጠራው በማን እጅ ነው ያለው? እኔ እንደማየው ብሩ ሁልጊዜ የሚሄደው ቆጠራው ወዳለበት ነው። ሸክላ፣ ካሴት፣ ፍላሽ፣ አፕ እያልን ብዙ እናወራለን። ዕቃው ይቀያየራል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት አባት ድሮ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ቅድም በር ላይ ስናወራ አሠራሩን አስረዱኝ። ዘፋኙ ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን ቅጂ፣ ይዞ ይመጣል። ይደራደራሉ። በአንድ ዋጋ ይስማማሉ፤ ይከፈለዋል፤ አለቀ። ከዚያ በኋላ ካሴቱ ጥቂት ሺህ ይሸጥ ወይም አገር ያጥለቅልቅ፣ ለዘፋኙ የሚጨመርለት የለም። ስንት እንደተባዛም አያውቅም። የሚያውቀው አሳታሚው ነው። አስመስሎ እያባዛ የሚሸጠው ደግሞ ከአሳታሚውም ተደብቆ የራሱን ይቆጥራል። እሳቸው ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር። «እኛም ተሰርቀናል፣ እነሱም ተሰርቀዋል» አሉኝ።

ከካሴት በፊትም እንዲሁ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ያ ሥራ ለማንም ክፍት አልነበረም። መብቱ በመንግሥት ሥር ላለ ተቋም የተሰጠ ነበር። ልጁ ደፍሮ ገባበት። ሸክላው ውጭ አገር እየታተመ ይመጣ ነበር። ዛሬ ዓለም የእነ አለማየሁ እሸቴን የዚያን ዘመን ድምፅ የሚያውቀው በእንዲህ ዓይነት ድፍረት ነው። ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ ኢትዮጲክስ በሚል ስም በተከታታይ የወጡት ሲዲዎች ብዙ ነገር የወሰዱት ከእነዚያ ሸክላዎች ነው።

ካሴት ግን አንድ የማልረሳለት ነገር ነበረው። ሽፋን። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። ትንሽ ወረቀት ናት፤ አንዳንዴ ለማንበብ ዓይን ታስቸግራለች። ምን እንደሠራች ልንገራችሁ። ኃይሉ መርጊያን ታውቁታላችሁ፤ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሄዶ ቀረ። በ1985 አኮርዲዮን ይዞ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ስሙን ይዞ ሰውየውን ፈለገው፣ አገኘው፣ በ2013 ሥራው እንደገና ታተመ። ኃይሉ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ፣ አገር ለአገር ዞሮ ተጫወተ። አሁን አስቡት። ያ ሰብሳቢ ያገኘው ካሴት ሳይሆን «ትራክ 07» የሚል ፋይል ያለበት ፍላሽ ቢሆን ኖሮ ማንን ይፈልግ ነበር?

ፍላሽ ካልን ኤምፒስሪ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እዚህ ሰፈር ሁላችንም የሰማነው በእሱ ነው። ሲዲ ላይ አንድ ሰከንድ ሙዚቃ በእያንዳንዱ ጆሮ በኩል 44,100 ጊዜ ይለካል። ይህ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይሆናል። ጀርመን አገር ፍራውንሆፈር የሚባል የምርምር ተቋም ያሉ መሐንዲሶች ከሌሎች ጋር ሆነው ኤምፒስሪን ሲሠሩ አንድ ነገር ላይ ተመሠረቱ። ጆሮ ሁሉንም አይሰማም። ከበሮ ሲመታ ከሥሩ ያለችው ቀጭን ድምፅ ትጠፋለች። እንግዲያው ለምን እንሸከማታለን ብለው ጣሏት። በ128 ኪሎቢት ሲቀመጥ ፋይሉ ከሲዲው አንድ አሥራ አንደኛ ያህል ይሆናል። የአንድ ደቂቃ ዘፈን አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው። 16 ጊጋባይት ሚሞሪ ላይ የአራት ደቂቃ ዘፈን ቢጫን አራት ሺህ ያህል ይገባል። አራት ሺህ! አንድ የባጃጅ ሹፌር የአንድን አገር ሙዚቃ ቤት በጥፍር በምታህል ካርድ ይዞት ይዞራል።

«ሙዚቃ እንጭናለን» የሚለውን ሰሌዳ የማያስታውስ አለ? ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ሱቅ ነበረው፤ ቁጭ ብዬ ብዙ አይቻለሁ። ደንበኛው ሚሞሪውን ይሰጣል። «አዲስ አዲሱን አድርግልኝ» ይላል። ማን እንደዘፈነው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ፋይሉ ሲከፈት በዘፋኙ ስም ፈንታ የሱቁ ስምና ስልክ ቁጥር ብቅ ይላል። የዜማ ደራሲው ጠፋ፣ የቅንብሩ ባለቤት ጠፋ፣ የጫኙ ስልክ ቀረ። እኔ ጫኙን ብቻ መውቀስ አልወድም። አልበሙን በሕጋዊ መንገድ ልግዛ የሚል ሰው ቢመጣ የት ይገዛል? ሲዲ ቤቶቹ እየተዘጉ፣ ኢንተርኔቱ እሳት ነበር። የሞባይል ዳታ ዋጋ በ43 በመቶ የቀነሰው እኮ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አንድ አልበም ማውረድ ምን ያህል ያስወጣ እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

ፈረንጆቹ ከዚያ ቀደም ብለው ዘፈን እንዳይባዛ ፋይሉ ላይ ስለሚደረግ ቁልፍ ሲጨቃጨቁ ነበር። ሰዎች ዘፈን በነፃ የሚለዋወጡበት ናፕስተር በ1999 መጣ፣ በ2001 ተዘጋ። አፕል በ2003 ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም መሸጥ ጀመረ፤ ፋይሉ ግን የተቆለፈ ነበር። የሙዚቃ ኩባንያው ሶኒ ቢኤምጂ በ2005 ሲዲ ውስጥ ድብቅ ፕሮግራም አስገብቶ የገዢውን ኮምፒውተር አደጋ ላይ ሲጥል ተያዘ። የአፕል አለቃ የነበረው ስቲቭ ጆብስ በ2007 ቁልፉ ይቅር የሚል ደብዳቤ ጻፈ፣ በ2009 የአፕል ዘፈኖች በሙሉ ያለ ቁልፍ መሸጥ ጀመሩ። የእኔ አስተያየት አጭር ነው። ቁልፍ የሚያስቸግረው የከፈለውን ሰው ነው። ያልከፈለው ቀድሞውኑ ቁልፍ የሌለውን ይዟል።

እኛ አገር ከሁሉም በላይ የማከብረው ሙከራ አውታር ነው። በ2019 ሙዚቀኞቹ ራሳቸው፣ ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋ፣ ኃይሌ ሩትስና ጓደኞቻቸው፣ የዘፈን መሸጫ አፕ ይዘው መጡ። ኤልያስ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አረፈ፤ ነፍሱን ይማረው። እኔ እዚያ ውስጥ የማየው አንድ ትልቅ ሐሳብ ነው። ቆጠራው ሙዚቀኛው እጅ ይግባ የሚል። ጊዜው ግን ከባድ ነበር። ቴሌብር የመጣው በ2021 ነው፤ ያኔ በስልክ መክፈል ዛሬ ባለበት ደረጃ አልነበረም። ዛሬ ጎመን ሻጯም በቴሌብር ትቀበላለች። ያንን ሙከራ ዛሬ የሚጀምር ሰው የሚያገኘው አገር ሌላ አገር ነው።

አሁን ወደ ስትሪሚንግ፤ ዘፈንን ሳያወርዱ በአፕ ወደ መስማት። እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ብዙ ሰው ስሌቱን የሚሰማው በስህተት ነው። «አንድ ጊዜ ሲሰማ ይህን ያህል ሳንቲም ይከፈላል» ይባላል። የተቆረጠ ዋጋ የለም። እንደ ስፖቲፋይ ያሉት ትልልቆቹ አፖች በአብዛኛው የሚሠሩት እንዲህ ነው። የአንድ አገር ተጠቃሚ የከፈለው ሁሉ አንድ ላይ ይጠራቀማል። ድርጅቱ ድርሻውን ያነሳል። የቀረው በጠቅላላው መደመጥ ላይ ይካፈላል። እንበልና አንዲት እናት በወር 100 ብር ከፍላ ወሩን ሙሉ የሰማችው አንድ ክራር ተጫዋች ብቻ ነው። ብሯ ለእሱ ይሄዳል? አይሄድም። ከሁሉም ብር ጋር ይቀላቀላል። ሌሊቱን ሙሉ ስልኩን ከፍቶ የሚተኛው ጎረምሳ የሚሰማው ዘፋኝ ከእሷ ብር ላይ ድርሻ አለው። ሳውንድክላውድ የሚባለው ሌላ የሙዚቃ አፕ በ2021 ይህን ለመቀየር ሞክሯል፤ ለተወሰኑ ሙዚቀኞች የአድማጩ ብር አድማጩ ለሰማው ብቻ እንዲሄድ አድርጓል። ለእኛ የሚጠቅመን ያ ነው ባይ ነኝ። የእኛ አድማጭ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ሲወድ ግን ሙጭጭ ነው።

በዚያ ላይ ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተሰማ ዘፈን ክፍያ እንዳያገኝ አድርጓል። 990 ጊዜ ተሰምቶ ከሆነ ያ ድርሻ ለሌላው ይሄዳል። እያንዳንዱ አድማጭ ዋጋ አለው ማለት ነው፤ አድማጭ ደግሞ የሚያገኛችሁ በስማችሁ ነው። አሁን ወደ ስም የምመለሰው ለዚህ ነው።

አንድ ልጅ፣ እዚሁ ውስጥ አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሦስት ዘፈን አወጣ። በሦስቱም ላይ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት ዓይነት አድርጎ ጻፈው። አንዱ ላይ ድርብ ፊደል፣ ሌላው ላይ በነጠላ፣ ሦስተኛው ላይ የአባቱን ስም ጨምሮ። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው ብሎ ሦስት ገጽ ከፈተለት። አድማጩ አንድ ሆኖ ቆጠራው ተበታተነ። የግዕዝ ፊደልም የራሱ ጣጣ አለው። ፀሐይ በጸ ይሁን በፀ፣ በሐ ይሁን በሀ፣ ለእኛ ያው ነው፤ ለፍለጋ ሞተር ግን ሌላ ቃል ሊሆን ይችላል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ያ ባይሆን የፋይል ስም በአማርኛ መጻፍ ራሱ ቅዠት ነበር። ስለዚህ ስማችሁን ዛሬ ማታ ወስኑ። በግዕዝ አንድ አጻጻፍ፣ በእንግሊዝኛ አንድ አጻጻፍ። ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ በኋላ ሽፋን የሚሠራላችሁ ልጅ በራሱ ጊዜ እንዳይቀይርባችሁ።

ሁለተኛው ነገር አይኤስአርሲ የሚባለው ኮድ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ የሚሰጠው 12 ፊደልና ቁጥር ነው፤ የዘፈኑ ታርጋ በሉት። ዘፈናችሁን ወደ አፖቹ የሚያደርሰው አከፋፋይ ድርጅት ዘፈኑን ስትሰጡት አብሮ ያወጣላችኋል። ብዙዎቻችሁ አይታችሁት አታውቁም። ግን አከፋፋይ ከቀየራችሁና በአዲስ ኮድ ከጫናችሁት ያጠራቀማችሁት ቆጠራ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። የድሮውን ኮድ ይዛችሁ ሂዱ። ስልካችሁ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡት፤ ስልክ ይሰረቃል።

ሦስተኛው የሚያሳፍረን ነገር ነው፤ ከጓደኛ ጋር መፈራረም። «እንዴት ከወንድሜ ጋር እፈራረማለሁ» ይባላል። ግጥሙን አንዱ ጻፈ፣ ዜማውን ሁለት ሆናችሁ አወጣችሁ፣ ቅንብሩን ኮዬ ፈጬ ያለው ልጅ ሠራው። ዘፈኑ ካልሠራ ማንም አይጣላም። ከሠራ ግን በሦስተኛው ሳምንት ሰው መካከል መግባት ይጀምራል። ሕጉ እኮ ከጎናችሁ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ሥራው ተፈጥሮ ከተቀረጸ ወይም ከተጻፈ ጀምሮ ይጠብቃችኋል። መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቀጥላል። ሕጉ ያላደረገላችሁ ነገር ማን ምን እንደሠራ መጻፍ ነው። እሱን ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ።

በዩቲዩብ የገጠማችሁም አላችሁ። ዘፈኑን ለአንድ ቻናል ትሰጣላችሁ፤ ብዙ ተመልካች አለው ተብሎ። ምን እንደፈረማችሁ አታነቡም፤ አንዳንዴም አትፈርሙም። ከዓመት በኋላ የገዛ ዘፈናችሁን በራሳችሁ ገጽ ስትጭኑ የባለቤትነት ጥያቄ ይመጣባችኋል። ማሽኑ ድምፁን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ «ይህ የሌላ ሰው ነው» ይላል። ማሽኑ አልዋሸም። መጀመሪያ ያስመዘገበውን ነው የሚያውቀው።

እሺ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ። ልጆቹ ሰዓት እያዩ ነው።

መጀመሪያ ደስ ያለኝን ልናገር። የተቀላቀለን ድምፅ መልሶ መለየት ድሮ የማይታሰብ ነበር። ዛሬ ዲዘር የሚባለው የስትሪሚንግ ኩባንያ በ2019 በነፃ የለቀቀው ስፕሊተር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ከዚያም የተሻሉ መጥተዋል። ድምፃዊውን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ ቤዙን ለብቻ ያወጣል። ቢትልስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ2023 ያወጣው የመጨረሻ ዘፈን የተሠራው እንዲህ ባለ ዘዴ ነው። የባንዱ አባል የነበረው ጆን ሌነን ቤቱ ፒያኖ እየመታ የቀረጸው አሮጌ ካሴት ነበር፤ ድምፁን ከፒያኖው ለዩት። ዘፈኑ በ2025 ግራሚ የሚባለውን የሙዚቃ ሽልማት አገኘ። እኛ ቤት ስንት ካሴት አለ? ማስተሩ የጠፋ፣ አንድ ቅጂ ብቻ የቀረው፣ ሣጥን ውስጥ አቧራ የጠጣ። አባቴ፣ ከእርስዎ ሱቅ የተረፈ ካለ እባክዎ አይጣሉት። (ሳቅ። «አለ፣ አለ» አሉ።)

ሌላውን ደግሞ ስሙ። በ2023 የድሬክንና የዘ ዊኬንድን ድምፅ አስመስሎ የተሠራ ዘፈን ኢንተርኔቱን አጥለቀለቀው። ዘ ዊኬንድ ማለት አቤል ተስፋዬ ነው፤ ካናዳ የተወለደ፣ ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ። የእኛው ልጅ ድምፅ ነው የተሰረቀው። ትልቅ ኩባንያ ከኋላው ስላለ ዘፈኑ በቀናት ውስጥ ከየመድረኩ ወረደ። የእናንተ ድምፅ ቢሰረቅ ማን ይደውላል? ቴነሲ የምትባል የአሜሪካ ግዛት በ2024 ድምፅን ራሱን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። የእኛ አዋጅ የተጻፈው እንዲህ ያለ ማሽን ባልነበረበት ዘመን ነው። የተቀረጸውን ዘፈን ይጠብቃል፤ አስመስሎ በአዲስ የሚዘፍን ማሽንን ግን በስም አያነሳም። የሕግ ተማሪዎች እዚህ ካላችሁ፣ ሥራ አለላችሁ።

እኔን ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ ቆጠራው ነው። ዲዘር በኤፕሪል 2025 ባወጣው መረጃ በየቀኑ ከሚጫኑለት ዘፈኖች 18 በመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ በማሽን የተሠሩ ነበሩ፤ በቀን ከ20,000 በላይ። ማን ይሰማቸዋል? ማሽን ይሰማቸዋል። በ2024 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ አንድን ሰው ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ሰውየው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ በማሽን የተሠሩ ዘፈኖችን ጫነ፤ በሐሰተኛ አካውንቶች እያሰማ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ያ ብር ከየት መጣ? ቅድም ካልኳችሁ በጋራ ከተጠራቀመው ብር ላይ። የእናቲቱ 100 ብር ዘፋኝ ወደሌለው ዘፈን፣ ጆሮ በሌለው አድማጭ በኩል ሄደ።

ስለ ብሎክቼይን፣ ብዙ ኮምፒውተር ላይ በጋራ ስለሚቀመጥ ዲጂታል መዝገብ፣ እና እዚያ ላይ ስለሚጻፈው የባለቤትነት ምልክት ኤንኤፍቲ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ለማንም የማይዋሽ መዝገብ ነው ይላሉ። መዝገቡ አይዋሽ ይሆናል፤ መጀመሪያ የሚጽፈው ሰው ግን ይዋሻል። ያንተን ዘፈን እኔ ቀድሜ ባስመዘግበው፣ ውሸቴ ለዘላለም የማይፋቅ ሆነ ማለት ነው። አልፌዋለሁ።

ራሴ ሞክሬአለሁ፤ ለማሽኑ በትዝታ ቅኝት ዘፈን ሥራ አልኩት። ሠራ። ቅኝቱን ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ያዘው፣ ከዚያ ወደለመደው ሸሸ። ክራሩ ጊታር ጊታር አለኝ። ጠብቆ የሚነበበውን አላልቶ ዘፈነው፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ከጽሑፉ ብቻ ማወቅ ይቸግረዋል። ሳቅኩ። ግን ይህን ተማምናችሁ አትተኙ፤ ይማራል። የሚማረው ደግሞ ከእናንተ ዘፈን ነው። ትልልቆቹ ሦስት የሙዚቃ ኩባንያዎች በ2024 እንዲህ ያለ ዘፈን ሠሪ ማሽን ያላቸውን ሱኖንና ዩዲዮን የከሰሱት «ሳትጠይቁን ዘፈናችንን አስተማራችሁበት» ብለው ነው። ካሳ ለመጠየቅ መጀመሪያ ዘፈኑ የእኔ ነው ማለት መቻል ያስፈልጋል። «ትራክ 07» ማንንም አይከስም።

ከኋላ እጅ አለ። «ዘፈኔን ለባጃጆችና ለታክሲዎች በነፃ በፍላሽ ባድል ራሴን ጎዳሁ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። አልጎዳህም፤ እኔ አድል ነው የምልህ። እዚህ ሰፈር ዘፈን የሚታወቀው ባጃጅ ውስጥ ነው። ግን የፋይሉን ስም አስተካክል። የአንተ ስም፣ የዘፈኑ ስም፣ ዓመቱ። ፋይሉ ውስጥ ባለው የመረጃ ቦታ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ሙላ፤ ማንኛውም ነፃ ፕሮግራም ይሠራዋል። የሽፋኑ ፎቶ ላይ የቴሌብር ቁጥርህን አስገባ። ወድዶት አሥር ብር የሚልክልህ ሰው ይኖራል፤ ማን እንደላከም አንተ ታያለህ።

አንቺ ደግሞ በማሽን ቅንብር መሥራት ነውር ነው ወይ ብለሻል። አይደለም፤ ከተጠቀምሽ ግን ወረቀቱ ላይ ጻፊው። የትኛው በሰው፣ የትኛው በማሽን እንደተሠራ። አከፋፋዮችም እየጠየቁ ነው።

ቅጹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ አንድ ገጽ ነው። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ተጫዋቾች፣ ድርሻ በመቶኛ፣ ፊርማ። ድምሩ መቶ መሆኑን አረጋግጡ፤ መቶ ሃያ ሆኖ የመጣልኝ አለ። ላፕቶፕ ይዤአለሁ፤ ፍላሽ የያዘ ይምጣና የፋይሉን ስም እዚሁ እናስተካክልለት። ከገላን የመጣችሁ ቅደሙ፣ ታክሲ ያልቅባችኋል።